116 ጨዋታ ያሸነፈው ሲያትል ማሪነርስ በ2001 ሻምፒዮን ያልሆነው ለምንድን ነው?

የሌሊት ተመልካች፦

ሰላም ለሁላችሁም። ጥያቄዬ እ.ኤ.አ. በ2001 የተካሄደውን የሜጀር ሊግ ቤዝቦል የውድድር ዘመን የሚመለከት ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ቤዝቦልን መከታተል የጀመርኩት ዘግይቼ ስለሆነ የቀደሙትን ዓመታት ውጤቶች ወደ ኋላ እየተመለስኩ አያለሁ፤ ዓይኔ ደጋግሞ የሚያርፈው ግን በዚያ ዓመት የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ነው።

ሲያትል ማሪነርስ ከ162 ጨዋታዎች 116ቱን ሲያሸንፍ የተሸነፈው 46 ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ይህን ያህል ጨዋታ ያሸነፈው የ1906ቱ ቺካጎ ከብስ ብቻ ነበር። በዓመቱ 927 ነጥብ አስቆጥሮ የተቆጠረበት 627 ነው። ኢቺሮ ሱዙኪ ከጃፓን በመጣበት በመጀመሪያው ዓመት 242 ሂት (መቺው በሰላም ቤዝ፣ ማለትም የሜዳው ማረፊያ ነጥብ ላይ የሚደርስበት ምት) መትቶና 56 ቤዝ ሰርቆ (ምት ሳይጠብቅ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ሮጦ ደርሶ) የአሜሪካ ሊግ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም፣ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋችም ተብሏል። ብሬት ቡን 37 ሆም ረን (ኳሷ ከአጥሩ ውጭ የምትወጣበት ምት) መትቷል፤ ወርዋሪው ጄሚ ሞየር ደግሞ በ38 ዓመቱ 20 ጨዋታ አሸንፏል። የኮከቦች ጨዋታ እዚያው ሲያትል ሲካሄድ ከማሪነርስ ብቻ ስምንት ተጫዋቾች ተመርጠው ነበር።

ዋንጫውን ግን የወሰደው ከጥሎ ማለፉ በፊት ባለው በመደበኛው ዘመን 92 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው አሪዞና ዳይመንድባክስ ነው። ማሪነርስ ለፍጻሜው፣ ለዎርልድ ሲሪስ፣ እንኳ አልደረሰም፤ 95 ጨዋታ ባሸነፈው ኒው ዮርክ ያንኪስ 4 ለ 1 ተሸንፎ ከመንገድ ቀረ። እኔ እግር ኳስ እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ዓመቱን ሙሉ ሊጉን የመራ ቡድን መጨረሻ ላይ ባዶ እጁን ሲሄድ ማየት ይከብደኛል። ስለዚህ የምታውቁ ብታስረዱኝ፦ ማሪነርስ በኦክቶበር ደክሞ ነው? ወይስ 116 የሚለው ቁጥር ራሱ የቡድኑን እውነተኛ ጥንካሬ አያሳይም?

ሦስተኛ ቤዝ፦

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ እኔም ለዓመታት ሳስብበት የኖርኩት ነገር ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ።

በመጀመሪያ 116 ሐሰተኛ ቁጥር አይደለም። በአንድ ውድድር ዘመን የ300 ነጥብ ብልጫ ማምጣት የዕድል ሥራ ሊሆን አይችልም። ይሁን እንጂ ያ ቡድን ምን ዓይነት ቡድን እንደነበረ መለየት ያስፈልጋል። ሲያትል በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ታላላቅ ተጫዋቾቹን አጥቶ ነበር፦ ራንዲ ጆንሰን በ1998 ወደ ሂዩስተን፣ ኬን ግሪፊ ጁኒየር በ2000 መጀመሪያ ወደ ሲንሲናቲ፣ አሌክስ ሮድሪጌዝ ደግሞ በዚያው ዓመት መጨረሻ በ10 ዓመት 252 ሚሊዮን ዶላር ውል ወደ ቴክሳስ ሄደዋል። በእነርሱ ልዋጭና በእነርሱ ፋንታ የመጡት፣ ማለትም በጆንሰን ልዋጭ የመጣው ወርዋሪ ፍሬዲ ጋርሲያ፣ በግሪፊ ልዋጭ የመጣው ማይክ ካሜሮን፣ በተጨማሪም ኢቺሮና ቡን፣ ከነባሩ ኤድጋር ማርቲኔዝ ጋር ተደምረው ክፍተት የሌለው ቡድን ሆኑ። ዘጠኙም መቺዎች ወርዋሪን ያስጨንቃሉ፤ አምስቱም ጨዋታ ከፋች ወርዋሪዎች ቡድናቸውን ለማሸነፍ የሚያበቃ ሥራ ይሠራሉ፤ ካዙሂሮ ሳሳኪ ደግሞ መጨረሻ ላይ ገብቶ መሪነቱን አስጠብቆ ጨዋታውን ይዘጋል። በኤፕሪል ወር ከ25 ጨዋታ 20 ያሸነፉት በዚህ መንገድ ነው።

እንዲህ ያለ ስፋት የሚከፍለው ረጅም ዘመን ላይ ነው። በመደበኛው ዘመን በየቀኑ ማለት ይቻላል ጨዋታ ስላለ አንድ ወርዋሪ በአምስት ቀን አንዴ ብቻ ይከፍታል፤ ተጋጣሚው ግሩም ወርዋሪ ቢኖረው እንኳ የእርሱ ተራ ካልደረሰ አራተኛውን ወይም አምስተኛውን ወርዋሪ ያሰልፋል፤ ማሪነርስም በእነዚያ ቀናት አይምሬ ነበር። በጥሎ ማለፉ ግን የዕረፍት ቀናት በመሃል ስለሚገቡ ደካሞቹ ወርዋሪዎች ከሜዳ ይጠፋሉ፣ ምርጦቹ ደጋግመው ይመጣሉ። አንድ ቡድን ዓመቱን ሙሉ የበላይ ያደረገው ነገር በድንገት ዋጋው ይቀንሳል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ስሌት ነው። ማሪነርስ በጥሎ ማለፉ ከማንም ጋር ቢገናኝ እያንዳንዱን ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሉ ከመቶ 65 ነው እንበል፤ በቤዝቦል ይህ እጅግ ለጋስ ግምት ነው። በዚያን ጊዜ ሻምፒዮን ለመሆን መጀመሪያ ሦስት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ የሚያልፍበትን ዙር፣ ቀጥሎ አራት ቀድሞ ያሸነፈ የሚያልፍባቸውን ሁለት ዙሮች መሻገር ያስፈልግ ነበር። የመጀመሪያውን የማለፍ ዕድሉ ከመቶ 76 ገደማ፣ የቀጣዮቹ ደግሞ እያንዳንዳቸው 80 ገደማ ይመጣሉ። ሦስቱን ሲያባዙት ውጤቱ ከመቶ 49 ነው። ይህ ሁሉ የበላይነት ያለው ቡድን እንኳ ዋንጫ የማጣት ዕድሉ ከማግኘቱ በጥቂቱ ይበልጣል!

ሦስተኛውን ነገር ብዙ ሰው አያነሳውም፤ እኔ ግን ትልቅ ቦታ እሰጠዋለሁ። የመጀመሪያው ዙር ተጋጣሚ የነበረው ክሊቭላንድ ማሪነርስን እስከ አምስተኛው ጨዋታ ድረስ ወስዶታል፤ እንዲያውም ሦስተኛውን ጨዋታ 17 ለ 2 አሸንፏል። ማሪነርስ ከዚያ አዘቅት ለመውጣት ጋርሲያን በአራተኛው፣ ሞየርን በአምስተኛው ጨዋታ መጠቀም ግድ ሆነበት። በዚህ ምክንያት ከያንኪስ ጋር የመጀመሪያውን ጨዋታ የከፈተው አሮን ሲሊ ነበር፤ ጋርሲያ የመጣው በሁለተኛው፣ ሞየር በሦስተኛው ነው። ማሪነርስ በሜዳው የተጫወታቸውን ሁለቱን ጨዋታዎች 4 ለ 2 እና 3 ለ 2 ተሸነፈ። አሰልጣኙ ሉ ፒኔላ ከሁለተኛው ሽንፈት በኋላ ለስድስተኛው ጨዋታ ወደ ሲያትል እንደሚመለሱ በይፋ ቃል ገቡ፤ ሦስተኛውን ጨዋታ 14 ለ 3 ሲያሸንፉም ቃሉ የሚፈጸም መስሎ ነበር። ቡድኑ ግን ወደ ሲያትል ለጨዋታ አልተመለሰም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚከላከለው ሾርትስቶፕ ካርሎስ ጊየን፣ እርሱም በጆንሰን ልዋጭ የመጣ ተጫዋች፣ በሴፕቴምበር መጨረሻ የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶበት ሆስፒታል ገብቶ ነበር። የእርሱ መታመም ብቻውን ዙሩን አልወሰነም፤ ግን ክፍተት አልባ የነበረው ቡድን ክፍተት ያገኘው በዚያ ሰዓት ነው።

የግራ እጅ ወርዋሪ፦

ከላይ የቀረበው ማብራሪያ ጥሩ ነው፤ ይሁንና ያንኪስን እንደ ዕድል ውጤት ብቻ ማየት ፍትሐዊ አይመስለኝም። ያ ቡድን በ1998፣ በ1999 እና በ2000 በተከታታይ ሻምፒዮን የሆነ ነው፤ በ2000 ማሪነርስን በዚሁ ዙር 4 ለ 2 አሸንፎታል። በ2001ም ወደ ማሪነርስ ከመድረሱ በፊት 102 ጨዋታ ባሸነፈው ኦክላንድ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች በገዛ ሜዳው ተሸንፎ ሳለ ቀጣዮቹን ሦስቱን በተከታታይ ወስዷል።

እባክዎ አራተኛውን ጨዋታ ፈልገው ይመልከቱት። ከ8ኛው ኢኒንግ (ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር፤ አንድ ጨዋታ በመደበኛው ዘጠኝ አለው) በፊት አንድም ነጥብ አልተቆጠረም። የማሪነርሱ ፖል አቦት አምስት ኢኒንግ ሲወረውር ስምንት ሰዎችን በዎክ (አራት የተሳሳቱ ውርወራዎች ወርውሮ በነጻ ወደ አንደኛ ቤዝ በመላክ) አሳልፎ አንድም ሂት አልተመታበትም፤ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ በሕይወቴ ደግሜ አላየሁም። በ8ኛው ኢኒንግ ቡን ሆም ረን መትቶ ማሪነርስ 1 ለ 0 መራ። ዙሩ 2 ለ 2 ሊሆን ስድስት አውት (የተጋጣሚ መቺ ወይም ሯጭ የሚሰናበትበት፤ በየኢኒንጉ ለእያንዳንዱ ቡድን ሦስት ነው) ብቻ ቀረ። በዚያው ኢኒንግ የያንኪሱ በርኒ ዊሊያምስ ከማሪነርሱ ወርዋሪ አርተር ሮድስ ላይ ሆም ረን መትቶ አቻ አደረገ። በ9ኛው ደግሞ በመደበኛው ዘመን 45 ጨዋታ የዘጋው ሳሳኪ ገባና ገና የመጀመሪያ ዓመቱን የያዘው የያንኪሱ አልፎንሶ ሶሪያኖ ሁለት ነጥብ ያስገኘ ሆም ረን መታበት። 3 ለ 1 አለቀ። በማግስቱ 12 ለ 3 ተሸነፉ፤ ያ ጨዋታ ከመጀመሩም በፊት ያለቀ ይመስለኛል። ስለዚህ ማሪነርስ ደክሞ አልነበረም፤ በጠባብ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ምን ማድረግ እንዳለበት ከማንም በላይ የሚያውቅ ቡድን ገጠመው።

የሌሊት ተመልካች፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አራተኛውን ጨዋታ ትናንት ማታ አየሁት፤ ሶሪያኖ የመታት ኳስ ከአጥሩ ስታልፍ የማሪነርስ ተጫዋቾች ዝም ብለው ከሜዳ የወጡበትን ሁኔታ መርሳት አልቻልኩም።

አሁን ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። የመጀመሪያው፣ ያንኪስ በጠባብ ጨዋታ እንዲህ የተካነ ከሆነ አሪዞና እንዴት አሸነፈው? ሁለተኛው ምናልባት የዋህ ጥያቄ ይመስል ይሆናል፤ ማሪነርስ ያን ሁሉ ጨዋታ ሲያሸንፍ ተጫዋቾቹ በወጉ የተደሰቱበት ቀን ነበርን?

ሦስተኛ ቤዝ፦

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። አሪዞና የማሪነርስ ተቃራኒ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በ1998 የተመሠረተ፣ ገና አራተኛ ዓመቱን የያዘ ቡድን ሲሆን፣ አሰልጣኙ ቦብ ብሬንሊም በሥራው ላይ የመጀመሪያ ዓመታቸው ነበር። ጥንካሬው በሁለት ሰዎች ክንድ ላይ የተቀመጠ ነው፤ ከርት ሺሊንግ በዚያ ዓመት 22 ጨዋታ፣ ራንዲ ጆንሰን 21 ጨዋታ አሸንፈዋል፤ ጆንሰን ብቻውን 372 መቺዎችን በስትራይክ አውት (መቺው በሦስት ስትራይክ ሲሰናበት) አሰናብቷል። አዎን፣ ሲያትል በ1998 አሳልፎ የሰጠው ያው ጆንሰን ነው። በ162 ጨዋታ ውስጥ ሁለት ታላላቅ ወርዋሪዎች የሚከፍቱት ከግማሽ በታች ስለሆነ ቡድኑ 92 ላይ ቆመ። በሰባት ጨዋታ ዙር ግን ብሬንሊ ሺሊንግን በአንደኛው፣ በአራተኛውና በሰባተኛው፣ ጆንሰንን በሁለተኛውና በስድስተኛው አሰለፉ፤ ከሰባቱ አምስቱ ማለት ነው።

ቢሆንም ዋንጫው ከእጃቸው ሊወጣ ተቃርቦ ነበር። አሪዞና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች 9 ለ 1 እና 4 ለ 0 ካሸነፈ በኋላ ኒው ዮርክ ላይ ሦስቱንም በአንድ በአንድ ነጥብ ልዩነት ተሸነፈ። በአራተኛውና በአምስተኛው ጨዋታ በ9ኛው ኢኒንግ፣ ሁለት አውት ካለቀ በኋላ፣ ሁለት ነጥብ እየመራ ሳለ፣ ዘጊው ኪም ብዩንግ ህዩን ላይ አቻ የሚያደርግ ሆም ረን ተመታ፤ አንዱን ምሽት ቲኖ ማርቲኔዝ፣ ሌላውን ምሽት ስኮት ብሮሽየስ ነበሩ የመቱት። ያን ወጣት ወርዋሪ በሁለተኛው ምሽት ወርውሮ መወርወሪያው ላይ ቁጢጥ ብሎ ሲቀር ያየ ሰው ውጤቱን ቢረሳ እርሱን አይረሳውም። በስድስተኛው አሪዞና 15 ለ 2 አሸንፎ ሁሉም ነገር ለኖቬምበር 4 ሰባተኛ ጨዋታ ተላለፈ።

ሶሪያኖ እንደገና በ8ኛው ኢኒንግ ሆም ረን መትቶ ያንኪስን 2 ለ 1 አስመራ። አሪዞና በዋዜማው ሰባት ኢኒንግ የወረወረውን ጆንሰንን በዕረፍት አልባ ክንዱ አስገባው፤ አራት አውት ወሰደ፣ ማንም ቤዝ አልደረሰበትም። በሌላው ወገን የገባው የያንኪሱ ዘጊ ማሪያኖ ሪቬራ ነው። በጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች በተከታታይ 23 ጊዜ መሪነቱን ሳያስነጥቅ ዘግቷል፤ በዚያ ምሽትም በ8ኛው ኢኒንግ ሦስቱንም አውት በስትራይክ አውት ወስዷል።

ከዚያ 9ኛው ኢኒንግ መጣ። ማርክ ግሬስ ሂት መታ። ዴሚየን ሚለር ኳሷን በዱላው በስሱ ነክቶ አስቀመጣት፤ ሪቬራ ራሱ አንስቶ ወደ ሁለተኛ ቤዝ ወረወረ፣ ኳሷ ግን ከያንኪሱ ሾርትስቶፕ ከዴሪክ ጂተር ጓንት አልፋ ሄደች። ከአጥንቱ እርጋታ የተሠራ የሚመስል ሰው አንዲት አጭር ውርወራ ሳተ። ቀጣዩ ጄይ ቤልም ኳሷን በስሱ ነካ፤ አሁን ሪቬራ በትክክል ወርውሮ ሦስተኛ ቤዝ ላይ አንድ አውት አገኘ። ቶኒ ዎማክ በቀኙ መስመር በኩል ሁለት ቤዝ የሚያስደርስ ሂት መትቶ 2 ለ 2 አደረገ። ክሬግ ካውንሴል በኳስ ተመትቶ ቤዞቹ ሁሉ ሞሉ።

በመደበኛው ዘመን 57 ሆም ረን የመታው ሉዊስ ጎንዛሌዝ ቀረበ። የያንኪሱ አሰልጣኝ ጆ ቶሬ ነጥብ እንዳይገባ የውስጥ ሜዳ ተከላካዮቹን ወደ ፊት አስጠጓቸው፤ የሪቬራ ኳስ ደግሞ መጨረሻዋ ላይ ወደ ግራ እጅ መቺ ሰውነት የምትታጠፍ ስለሆነች ዱላውን ቀጭን ቦታ ላይ ታገኘዋለች። እንደተፈራው ሆነ፤ ጎንዛሌዝ በደንብ አልመታትም፤ ኳሷ ከፍ ብላ ከጂተር ራስ በላይ አልፋ ሳሩ ላይ ጠብ አለች። ጂተር በተለመደው ቦታው ቆሞ ቢሆን በእጁ ትገባ ነበር ብዬ አምናለሁ። 3 ለ 2። ጆንሰንና ሺሊንግ የዎርልድ ሲሪሱን ኮከብነት ተጋሩ።

እንግዲህ ጥያቄዎን ስንመልሰው፣ ያንኪስን ያሸነፈው ከማሪነርስ የተሻለ ቡድን ነው ብዬ አልቀበልም። ለሰባት ጨዋታ ተብሎ የተሠራ የሚመስል ቡድን ነው።

መዝገብ ወዳድ፦

ዘግይቼ ስለመጣሁ ይቅርታ። ሁለት ነገር ብቻ አለኝ።

አንደኛው፣ ማሪነርስ በዚህ ዕጣ ብቸኛው አይደለም። የ1906ቱ ከብስ 116 አሸንፎ የተሸነፈው 36 ብቻ ሆኖ ሳለ በዎርልድ ሲሪስ በገዛ ከተማው ቡድን በዋይት ሶክስ 4 ለ 2 ተሸንፏል። በ1954 ክሊቭላንድ 111 አሸንፎ በኒው ዮርክ ጃያንትስ አራቱንም ጨዋታ ተሸንፏል። በ2022 ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ እንዲሁ 111 ካሸነፈ በኋላ ሳን ዲዬጎ 3 ለ 1 አሰናብቶታል። በተቃራኒው ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ በ2006 ያሸነፈው 83 ጨዋታ ብቻ ሆኖ ዲትሮይትን 4 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫ ወስዷል። በሌላ በኩል ያንኪስ በ1998 በመደበኛው ዘመን 114 አሸንፎ ሻምፒዮን ስለሆነ ሁለቱን ማጣመር የማይቻል ነው ማለትም ስሕተት ነው። ለእኔ መደበኛው ዘመንና ዋንጫው ሁለት የተለያዩ ክብሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው ግን ተገቢውን ስም አላገኘም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው፣ ስለ ደስታቸው ቀን የጠየቁት ጥያቄ የዋህ አይደለም። ማሪነርስ ምድቡን ማሸነፉን ያረጋገጠው በሴፕቴምበር 19 በሜዳው ነበር። ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት በኋላ ውድድሩ ለስድስት ቀናት ተቋርጦ በ17ኛው ቀን ገና መቀጠሉ ነበር፤ በዚህ ሰዓት ሻምፓኝ መረጫጨት ለማንም የሚታሰብ አልነበረም። ጨዋታው ሲያበቃ ተጫዋቾቹ ተቃቅፈው ቀስ ብለው ወደ ሜዳው መሃል ሄዱ። ማርክ ማክሌሞር የአሜሪካን ባንዲራ ይዞ ነበር። በመወርወሪያው ጉብታ ዙሪያ ክብ ሠርተው ተንበረከኩ፤ በዝምታ ጸለዩ። ከዚያም ባንዲራውን ይዘው ሜዳውን ዞሩ፤ ተመልካቹም ቆሞ አጨበጨበላቸው።

የሌሊት ተመልካች፦

ስለዚህ ምሽት አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። አንድ የመጨረሻ ነገር ልጠይቅና ላብቃ፤ ማሪነርስ ከዚያ በኋላ ወደ ጥሎ ማለፍ የተመለሰው መቼ ነው?

መዝገብ ወዳድ፦

በ2022 ነው። በ2002 እና በ2003 በየዓመቱ 93 ጨዋታ አሸንፎ እንኳ ሳያልፍ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሩቅ ሆነበት። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2022 ካል ራሊ በ9ኛው ኢኒንግ፣ ሁለት አውት ካለቀ በኋላ፣ በኦክላንድ ላይ ሆም ረን መትቶ 2 ለ 1 ሲያሸንፉ ነው የ21 ዓመቱ ጥበቃ ያበቃው። በ2001 ሲያትል ላይ ከአባቱ ጋር ተቀምጦ ያየ ልጅ በዚያ ምሽት የራሱን ልጅ ይዞ ሊመጣ ይችል ነበር።